ቴርሞፊለስ፣ ቡልጋሪከስና ራምኖሰስ በአንድ ወተት ውስጥ፦ የሐዋሳ የእርጎ ሙከራ ማስታወሻ

ዕቃና ዝግጅት

የሚፈለገው ለካፌ የሚቀርብ፣ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ቶሎ የማይኮመጥጥ እርጎ ነው። ለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በወተቱ ውስጥ ማን ማንን እንደሚመግብ ነው። በተለመደው የእርጎ እርሾ ውስጥ ያሉት ሁለት ባክቴሪያዎች ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስና ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ናቸው፤ ከዚህ በታች ቴርሞና ቡልጋ እንላቸዋለን። ተጨምሮ የሚሞከረው ሦስተኛው ባክቴሪያ ላክቶባሲለስ (በአዲሱ ስያሜ ላክቲካሴይባሲለስ) ራምኖሰስ ጂጂ ነው። የሚሸጠው የእርሾ ዱቄት ሁለቱን ደባልቆ ስለሚመጣ ለየብቻ ለማየት አይሆንም። ነጠላ ዘሮቹ ከላብራቶሪ በረዶ ሆነው ነው የመጡት፤ ቴርሞና ቡልጋ ከበረዶ እንደወጡ በተፈላ ወተት ውስጥ ሁለት ዙር ከታደሱ በኋላ ሥራ ላይ ዋሉ። በአንድ ዙር ብቻ የታደሰ ዘር ይንቀራፈፋል፣ የሚሰጠው ንባብም አያስተማምንም።

ማሞቂያው ባለ 40 ሊትር አይስቦክስ ነው። ውስጡ ባለ 60 ዋት አምፖል፣ ዲጂታል ቴርሞስታትና ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ አለ። ብልቃጦቹ ባለ 250 ሚ.ሊ. ብርጭቆ ናቸው። ከወጪው የከበደው ፒኤች ሜትሩ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ነው፣ 6,500 ብር፤ ቴርሞስታቱ 2,200 ብር። የፒኤች ወረቀት ርካሽ ቢሆንም 4.6ን ከ4.9 ለመለየት አይበቃም፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ልዩነቱ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ቴርሞሜትር ሲፈተሽ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ 94 የሚያነበው ቴርሞሜትር ትክክለኛ ነው፤ 100 ካላለ ተብሎ መጣል የለበትም። ታችኛው ነጥብ በተፈጨ በረዶና ውሃ 0 ላይ ይፈተሻል። የመፍያው ነጥብ ዝቅ ማለቱ በወተት ማፍላቱም ላይ ለውጥ ያመጣል፦ መጻሕፍት ላይ ያለው “95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ” በውሃ መታጠቢያ ድስት እዚህ አይደረስበትም። ስለዚህ የተያዘው 85 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። በዚህ ሙቀት የአጓት ፕሮቲኖች ተፈትተው ከኬዚን (ከወተቱ ዋና ፕሮቲን) ጋር ይያያዛሉ፣ እርጎውም አጓት መትፋቱን ይቀንሳል። የሟሟው ኦክስጅንም ከወተቱ ይወጣል፤ ይህ ኋላ ለባክቴሪያዎቹ ይጠቅማል።

ፒኤች ሜትሩ በ7.00 እና በ4.01 መፍትሔ ሥራ በተጀመረ ቁጥር ይስተካከላል። ኬዚን ጫፉ ላይ ይጋገርና ንባቡን ያዘገየዋል፤ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ግድ ነው። ሜትሩ ሲያጠራጥር በታይትሬሽን ይረጋገጣል፦ 9 ሚ.ሊ. ናሙና፣ ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን አመልካች)፣ 0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈካ ያለ ሮዝ እስኪሆን። የፈሰሰው ሚ.ሊ. ለ10 ሲካፈል የላክቲክ አሲዱን መቶኛ ይሰጣል። ጥሩ ትኩስ ወተት ከ0.14 እስከ 0.17 ነው፤ የረጋው 0.7 አልፎ ይገኛል።

ወተት መቀበል

ላክቶሜትር (የወተት ጥግግት መለኪያ)፣ አልኮልና አሲድነት፣ ሦስቱም ይታያሉ። ጥግግቱ ከ1.028 በታች ከወረደ ውሃ ይጠረጠራል፤ ላክቶሜትሩ በተሠራበት ሙቀት ካልተነበበ ግን ጥርጣሬው ራሱ ዋጋ የለውም። 70 በመቶ አልኮል ከወተቱ ጋር እኩል ተደባልቆ ቅንጣት ካሳየ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል ወይም የጡት ሕመም ካለባት ላም የመጣ ሊሆን ይችላል፣ አይወሰድም። ለሙከራው ወተቱን ሊትሩን በ100 ብር ነበር የገዛነው። በጾም ወራት ዋጋው ስለሚላላ ወተት የሚፈጅ ሙከራ ያኔ ቢያዝ ይመረጣል።

ለየብቻና አንድ ላይ

ሦስት ዓይነት ብልቃጥ፣ አንድ ወተት፣ 42 ዲግሪ። አንደኛው 2 በመቶ ቴርሞ ብቻ፣ ሁለተኛው 2 በመቶ ቡልጋ ብቻ፣ ሦስተኛው ከእያንዳንዱ 1 በመቶ። የእርሾው ጠቅላላ መጠን እኩል መሆኑ ወሳኝ ነው፤ አለዚያ ድብልቁ የፈጠነው ብዙ እርሾ ስላገኘ ነው የሚያሰኝ ይሆናል። ሁሉም ከፒኤች 6.6 ተነሱ።

ቴርሞ ብቻ፦ በ2 ሰዓት 6.1፣ በ4 ሰዓት 5.4፣ በ6 ሰዓት 5.1፣ በ8 ሰዓት 4.9።
ቡልጋ ብቻ፦ በ2 ሰዓት 6.45፣ በ4 ሰዓት 5.9፣ በ6 ሰዓት 5.2፣ በ8 ሰዓት 4.5።
ሁለቱ አንድ ላይ፦ በ2 ሰዓት 5.8፣ በ3 ሰዓት 5.1፣ በ4 ሰዓት 4.6።

የቴርሞ መስመር መጀመሪያ ፈጥኖ መካከል ላይ ይተኛል። ወተት ውስጥ ነጻ አሚኖ አሲድና አጫጭር ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁርጥራጭ) ጥቂት ነው፤ ቴርሞ ያንን ከጨረሰ በኋላ ኬዚንን ራሱ የመቁረጥ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ይራባል። ስኳሩ ሞልቶ ተርፎ ሳለ የሚያቆመው የፕሮቲን ችግር ነው። ቡልጋ ተቃራኒው ነው። ሕዋሱ ግድግዳ ላይ ኬዚንን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው፣ ምግብ አይቸግረውም፤ ግን ለመነሳት ይዘገያል። ለፑሪን (ለዲኤንኤው ግብዓት) መሥሪያ ፎርሚክ አሲድ ይፈልጋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያግዘዋል፣ ኦክስጅን ደግሞ ያስቸግረዋል። ሦስቱንም የሚያሟላለት ቴርሞ ነው፦ ፎርሚክ አሲድ ያመነጫል፣ በወተቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰብሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ የቀረውን ኦክስጅንም ይጠቀማል። ቡልጋ በፋንታው ኬዚኑን ቆርጦ ለቴርሞ ያቀርባል።

አጓት ማለዋወጥ

ከላይ የተባለውን በእጅ ለመያዝ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። አንዱ ያደገበትን ወተት አጓት ወስዶ፣ ባክቴሪያውን ገድሎ፣ ለሌላው መስጠት።

አሠራሩ፦ ቴርሞ ብቻ የረጋበት ወተት በድርብ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል፤ አጓቱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ፒኤች 6.6 ይመለሳል፤ ለ10 ደቂቃ ይፈላል፤ ይቀዘቅዛል። ከዚያ 3 እጅ ወተትና 1 እጅ አጓት ተደርጎ ቡልጋ ይጨመርበታል። ከማፍላቱ በፊት አሲዱን መግደል አስፈላጊ ነው፤ ፎርሚክ አሲድ በጨው መልክ ካልተያዘ ከእንፋሎቱ ጋር በከፊል ሊሄድ ይችላል። የቡልጋ አጓትም በዚሁ መንገድ ተዘጋጅቶ ለቴርሞ ይሰጣል። መቆጣጠሪያ ብልቃጥ ከሌለ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፦ ሩብ ወተት በአጓት ሲተካ ኬዚኑ ስለሚቀንስ ፒኤቹ በራሱ ቶሎ ይወርዳል። ለመቆጣጠሪያ በሎሚ የተቆረጠ ወተት አጓት በተመሳሳይ መንገድ ተስተካክሎና ፈልቶ በዚያው ልክ ገባ።

ፒኤች 5.0 ለመድረስ ቴርሞ በሎሚው አጓት 7 ሰዓት ያህል ሲፈጅ በቡልጋ አጓት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ቡልጋ በሎሚው 6 ሰዓት ተኩል፣ በቴርሞ አጓት 5 ሰዓት ተኩል። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ይበልጥ የሚጠቀመው ግን ቴርሞ ነው። ቡልጋ ትንሽ ያተረፈበት ምክንያት ይገባል፤ በሞተ አጓት ውስጥ የሚሄድለት ፎርሚኩ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በመፍላት ወጥቷል፣ ኦክስጅን የሚያነሳለትም የለም። ለነዚያ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚያድግ ሕያው ቴርሞ ነው።

ሌላ ማረጋገጫ በፕሬዠር ኩከር ተሞከረ። ወተት በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ከላክቶሱ ትንሽ ፎርሚክ አሲድ ይፈጠራል። በኩከር ለ15 ደቂቃ የበሰለው ወተት ወደ ክሬም ቀለም ያዘነብላል፣ የካራሜል ሽታም አለው። ቡልጋ ብቻውን በዚህ ወተት በ85 ዲግሪው ከሄደበት ቀድሞ ረጋ። ለሽያጭ የሚሆን አይደለም፣ ጋዙም ይበላል፤ ግን ነጥቡን ያለ ኬሚካል ያሳያል።

ስላይድ ላይ

ከፒኤቹ በላይ የሚናገረው ማይክሮስኮፑ ነው። እርጎው 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ ተደርጎ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፤ በአየር ይደርቃል፤ ነበልባል ላይ ሦስት ጊዜ ያልፋል። ቅባቱ ቀለሙን ስለሚከለክል በአልኮል ታጥቦ እንደገና ይደርቃል። ሜቲሊን ብሉ ለ1 ደቂቃ፣ ከዚያ በቀስታ በውሃ። በባለ 100 ሌንስ በዘይት ሲታይ ኬዚኑ ፈዛዛ ሰማያዊ ጉም ሆኖ ከበስተጀርባ ይቀራል። ቴርሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀጣጠለ ክብ ፍሬ ነው፣ ልክ እንደ ክር መቁጠሪያ። ቡልጋ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ያረጀው ዘንግ ውስጥ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ወጣት ቡልጋ አጭርና አንድ ወጥ ቀለም ስለሆነ ስላይዱ የእርሾውን ዕድሜም ይናገራል።

እዚህ ላይ የአይስቦክሱ ችግር ወጣ። ከአንድ ወተትና ከአንድ እርሾ የተሞሉ ብልቃጦች የተለያየ ጣዕም ሰጡ፦ አንዳንዱ ሹል ኮምጣጣ፣ አንዳንዱ ለስላሳ። ቴርሞስታቱ 42 እያነበበ ሳለ አምፖሉ አጠገብ ያለው ብልቃጥ 46፣ ጥግ ያለው 39 ነበር። በስላይዱ የአምፖሉ ጎን ዘንግ በዘንግ ሲሆን፣ የጥጉ ሰንሰለት በሰንሰለት ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል ቡልጋ ያሸንፋል፣ ዝቅ ሲል ቴርሞ። የእርሾ መጠንና የቆይታ ጊዜም እንዲሁ ናቸው፦ ብዙ እርሾና ረጅም ቆይታ ወደ ቡልጋ ያደላል፣ ምክንያቱም አሲድን የሚችለው እሱ ነው።

መፍትሔው፦ አምፖሉ በአሉሚኒየም ፎይል ተሸፈነ፣ ማራገቢያው ያለማቋረጥ እንዲሠራ ተደረገ፣ ብልቃጦቹ ደግሞ 42 ዲግሪ ውሃ ባለበት ትሪ ውስጥ ተቀመጡ። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ወረደ። የትሪው ውሃ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ክዳኑ ሳይከፈት ሙቀቱን ይይዛል። ከረዘመ 50 ዲግሪ ውሃ የተሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች በጎን ይገባሉ። ክዳን እየከፈቱ ማየት ግን ከመብራት መጥፋቱ የባሰ ጉዳት አለው።

አልረጋ ያለው ወተት

ሦስቱንም የመቀበያ ፈተና ያለፈ ወተት ነበር። በ4 ሰዓት ፒኤቹ 6.3፤ በ8 ሰዓት ቀጭን፣ አጓት የተለየው፣ መራራ ቢጤ። ስላይዱ ላይ ዘንግ አለ፣ ሰንሰለቱ ግን እዚህም እዚያም ተበጣጥሶ የተንሳፈፈ ነው።

ለዚህ ተጠርጣሪው ሁለት ነው፦ በወተቱ ውስጥ የቀረ አንቲባዮቲክ፣ ወይም ቴርሞን የሚያጠቃ ፌጅ (የባክቴሪያ ቫይረስ) በእርሾው ውስጥ። የሚለየው በቀላል ሙከራ ነው። 10 ሚ.ሊ. ወተት በሁለት ቱቦ፣ አንዱ የተጠረጠረው፣ ሌላው ጤናማነቱ የታወቀ። ሁለቱም ፈልተው ይቀዘቅዛሉ፣ ከአንዱ እርሾ 2 በመቶ፣ ጥቂት ጠብታ ብሮሞክሬሶል ፐርፕል (አሲድ አመልካች ቀለም) ይጨመራል፣ 42 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ። አሲድ ሲፈጠር ሐምራዊው ወደ ቢጫ ይዞራል። ሁለቱም ሐምራዊ ሆነው ከቀሩ ችግሩ እርሾው ነው። እዚህ ጤናማው ቢጫ ሲሆን የተጠረጠረው ሐምራዊ ቀረ። ጡቷ የታከመች ላም ወተት የማቆያው ቀን ሳያልቅ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ነበር። ቴርሞ ለፔኒሲሊን እጅግ ስስ ነው፤ አንዲት ላም የሙሉ ጣሳ ወተት ታበላሻለች። ወተቱን ማፍላትም አያድነውም፣ ፔኒሲሊኑ በ85 ዲግሪ አይጠፋም።

አሁን ይህ ፈተና ከአዲስ አቅራቢ ለሚመጣ ወተት ሁሉ ይሠራል። የሚፈጀው ጥቂት ጠብታ ቀለምና 3 ሰዓት ነው፤ አንድ ጣሳ ወተት ከሚጣል ይሻላል።

የገበያ እርጎ እንደ እርሾ

ብዙ ጊዜ ስለሚጠየቅ ተሞከረ። ከገበያ የመጣ የቤት እርጎ 3 በመቶ፣ 42 ዲግሪ፣ የፈላ ወተት። በማግስቱ እርጎው በአየር ጉድጓድ ተበሳስቶ፣ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ከሥሩ አጓት ቋጥሮ ተገኘ። ጉድጓዱ የኮሊፎርም (የንጽሕና ጉድለት ምልክት የሆኑ ባክቴሪያዎች) እና የእርሾ ፈንገስ ጋዝ ነው። በቤት እርጎ ውስጥ ያሉት ደህናዎቹ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው በክፍል ሙቀት የሚመቻቸው ናቸው፤ 42 ዲግሪ ላይ ሲደክሙ ሜዳው ለሌላው ይቀራል። ይህ የቤት እርጎን አያዋርደውም፤ በራሱ ሙቀትና በራሱ ጊዜ ሲረጋ የራሱ ማኅበር አለው። ከቡርሳሜ (ከሲዳማ የእንሰት ምግብ) ጋር የሚቀርበውን ያንን ጣዕም ቴርሞና ቡልጋ አይሰጡትም።

በወይራ የታጠነ ዕቃም ታይቷል። ጭሱ ሽታውን ቢያሳምርም ድብልቁን አንድ ሰዓት ያህል አዘገየው፤ በጭሱ ውስጥ ያሉት ውሕዶች ባክቴሪያን ይገታሉ። የታጠነ ዕቃ የሚፈልግ ካለ ወተቱ የሚረጋበት ሳይሆን የማቅረቢያው ዕቃ ቢታጠን ይሻላል።

ራምኖሰስ ሲገባ

ራምኖሰስ ጂጂ በ1983 እ.ኤ.አ. ከጤነኛ ሰው አንጀት የተለየ ነው፤ ጂጂ የለዩት የጎርባክና የጎልዲን ስም መነሻ ፊደላት ነው። ብዙ የተጠና ባክቴሪያ ሆኖ ሳለ ወተት ላይ ብቻውን ዋጋ የለውም። ላክቶስን መጠቀም አይችልም፣ ኬዚንን መቁረጥም አይሆንለትም። 37 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት ቆይቶ ፒኤቹ 6.3፣ ወተቱ ያው ወተት። 1 በመቶ ግሉኮስ ሲጨመርለት በ24 ሰዓት 5.3 ደረሰ፤ ስኳሩ ቢቀርብለትም ፕሮቲኑ ገና ይጎድለዋል።

ቡልጋን አስወጥቶ ራምኖሰስን ከቴርሞ ጋር ማድረግ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ቴርሞ ላክቶስን ለሁለት ሰብሮ ግሉኮሱን ለራሱ ይወስዳል፣ ጋላክቶሱን አብዛኛውን ወደ ውጭ ይጥላል። ራምኖሰስ ያንን የተጣለውን ጋላክቶስ ይበላል። በዚህ ጥምረት የሚጋጩት በስኳር አይደለም፣ የሚሻሙት ጥቂቷን ፔፕታይድ ነው። ስለዚህም ቀስ ይላሉ።

2 በመቶ ቴርሞ፣ 2 በመቶ ራምኖሰስ፣ 40 ዲግሪ። 42 ላይ ቴርሞ ብቻውን ይሮጣል፤ 37 ላይ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። በ40 ፒኤች 4.6 ለመድረስ 9 ሰዓት ፈጀ፣ ማታ ተጀምሮ ጠዋት የሚወጣ ማለት ነው። ቡልጋ ስለሌለ ስላይዱ ላይ የሚታየው ዘንግ ሁሉ ራምኖሰስ ነው፤ ለመቁጠር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ማይክሮስኮፕ ግን ሕያውን ከሞተ አይለይም። ለዚያ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በገባበት ኤምአርኤስ አጋር (የባክቴሪያ ማብቀያ) ላይ ተዘርቶ 37 ዲግሪ ላይ ተቆጠረ፤ ራምኖሰስ ቫንኮማይሲንን ሲቋቋም ቴርሞ አያልፍም። በ1 ሚ.ሊ. ከ10 ሚሊዮን በላይ ተገኘ። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) መስፈርት ስሙ ለተጠቀሰ ተጨማሪ ባክቴሪያ በ1 ግራም ቢያንስ 1 ሚሊዮን ይጠይቃል።

ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግም ተሞክሯል፣ አንመክረውም። ቡልጋ አሲዱን ቶሎ ስለሚያወርደው በ4 ሰዓት ተኩል ይረጋል፣ ራምኖሰስ ደግሞ ለመብዛት ጊዜ አያገኝም። ራምኖሰስ ውድ ነው፤ ጨምሮ እንዲተኛ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው።

ማቀዝቀዣና የእናት እርሾ

ሁለቱ እርጎዎች ፒኤች 4.5 ላይ ወጥተው መብራቱ በሚቆራረጥበት ማቀዝቀዣ ለ1 ሳምንት ቆዩ። የቴርሞና ቡልጋው 4.0 ደረሰ፣ የቴርሞና ራምኖሰሱ 4.3። ቡልጋ በቅዝቃዜም አሲድ ማውጣቱን አያቆምም፤ ማቀዝቀዣው 12 ዲግሪ በነካ ቁጥር ደግሞ ይፋጠናል። ቡልጋ የሌለበት በዚህ በኩል ያሸንፋል። የሚያጣው ሽታ ነው፦ የእርጎ ሽታ የሚባለው አሴታልዴሃይድ በአብዛኛው የቡልጋ ሥራ ነው፣ ራምኖሰስ ያን አይተካም። ለመጠጥ ለስላሳው፣ በሚጥሚጣ ለሚበላ ደግሞ የቡልጋው ይመረጣል። በአንድ እርሾ ሁለቱንም መሸፈን አልተቻለም፣ የሚቻልም አይመስለንም። አንድ ነገር ለገዢ መነገር አለበት፦ በኮዴክስ መሠረት ዮገርት የሚባለው ቴርሞና ቡልጋ ያሉበት ነው፣ ስለዚህ የራምኖሰሱ ብልቃጥ ላይ ዮገርት አይጻፍም።

የእናት እርሾው ከእርጎ ወደ እርጎ አይተላለፍም። እየተላለፈ ሲሄድ ስላይዱ ወደ ዘንግ እያደላ ይመጣል፣ ፌጅም ይከማቻል። ቴርሞና ቡልጋ ለየብቻ በተገፈፈ ወተት ያድጋሉ፤ ፒኤች 5.3 ላይ ቶሎ ቀዝቅዘው፣ 10 በመቶ የፈላ ስኳር ውሃ ገብቶባቸው በበረዶ መሥሪያ ትሪ ይቀዘቅዛሉ። ቡልጋ በረዶን ከቴርሞ ያነሰ ስለሚችል ኩቡ ሲቆይ ይደክማል። ከአንድ ወር የበለጠ ኩብ ከመጠቀም በፊት በብሮሞክሬሶል ቱቦ ይፈተናል፤ ቢጫ ለመሆን ከወትሮው አንድ ሰዓት ካዘገየ የቡልጋው ኩብ በእጥፍ ይገባል።

ቀጥሎ የሚሞከረው ራምኖሰሱን ከቴርሞ 2 ሰዓት አስቀድሞ መጨመርና ትንሽ አስቀድሞ የተቆራረጠ የወተት ፕሮቲን መስጠት ነው። 9 ሰዓቱ ወደ 7 ከወረደ የማታው ምርት ከንጋቱ ርክክብ በፊት ማቀዝቀዣ ይገባል።